ዐይን የደረሰበት አማና



በፊቅህ መጻሕፍት የንግድ ምዕራፍ ውስጥ አንድ ሰው ገንዘቡን ለሌላ ሰው ሰጥቶ የሚያስነግድበት ውል አለ፤ ሙዳረባ ይባላል። ገንዘቡ የአንዱ፣ ድካሙ የሌላው፣ ትርፉ በተስማሙበት ድርሻ የሁለቱም ነው። ዑለማዎቻችን ስለዚህ ነጋዴ የሰጡት ብይን ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያነበው ያስገርማል። ነጋዴው "አሚን" ነው ይላሉ፤ አማና የተጣለበት ሰው ማለት ነው። ንብረቱ ጠፋ ቢል፣ ንግዱ ከሰረ ቢል ቃሉ ከመሐላው ጋር ይታመናል። ድንበር ማለፉ ወይም ቸልተኝነቱ እስካልተረጋገጠበት ድረስ ከኪሱ አይከፍልም። ባለ ገንዘቡ "አላመንኩህም" ስላለ ብቻ ዕዳ አይወድቅበትም።

ይህ ብይን ሲሰጥ የነበረው ሁኔታ ግልጽ ነው፤ የባለቤቱ ዐይን ነጋዴው ካለበት አይደርስም። መካ የተቀመጠ ሰው የሻምን ገበያ አያይም። ሐረር የተቀመጠ ሰው ዘይላ የደረሰውን የግመል ጭነት አይቆጥርም። የማያይ ሰው ያለው ምርጫ ወይ ማመን ነው፣ ወይ አለመላክ ነው። ሙስሊም ነጋዴዎች ደግሞ አምነው ላኩ፤ በዚህ እምነት ላይም በረሃና ባሕር የሚያቋርጥ ንግድ ተሠራ።

ዛሬ ግን ዐይን ይደርሳል። መርካቶ የተቀመጠ ነጋዴ ደሴ ባለው ሱቁ በዚህች ሰዓት ስንት ሜትር ጨርቅ እንደተቆረጠ፣ በስንት ብር እንደተሸጠ፣ ማን እንደሸጠው በእጅ ስልኩ ማየት ይችላል። ለመሆኑ ዐይን በደረሰበት ቦታ አማና ምን ይሆናል? አለቀለት ማለት ነው ወይስ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ይዛወራል? ይህን ጥያቄ የቀሰቀሰብኝ ኪታብ ሳይሆን የኮምፒውተር ሽቦ ነው። ስለዚህ ከሽቦው ልጀምር።

አጎቴ ጨርቃ ጨርቅና የተሰፋ ልብስ ይነግዳሉ። መርካቶ የጅምላ ሱቅ፣ ኮልፌ መጋዘን፣ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ደግሞ የችርቻሮ ሱቅ አላቸው። ሦስቱን ያገናኝ የነበረው ስልክ፣ የጭነት መኪና ሹፌርና ሦስት ደብተር ነው። ሥራው በዚህ ሁኔታ ብዙ ዓመት ሄዷል። ችግሩ አልፎ አልፎ የሚደገም አንድ ነገር ነበር። ኮልፌ የቀረውን ያንኑ አንድ ጥቅል የመጋረጃ ጨርቅ መርካቶ ላይ ለአንዱ ደንበኛ፣ ደሴ ላይ ለሌላው ይሸጡታል። ሁለቱም ሻጮች አልዋሹም፤ ሁለቱም ደብተራቸው አለ ያላቸውን ነው የሸጡት። ዳሩ ግን አንዱ ደንበኛ ቀብድ ከፍሎ፣ ቤቱን ለሠርግ ሊያሰናዳ ቀን ቆርጦ፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሸሪዓችን ሰው በእጁ የሌለውን እንዳይሸጥ የከለከለው እንዲህ ያለውን ጭቅጭቅ ከሥሩ ለመንቀል ነው። እናም ሦስቱን ቦታ በኮምፒውተር ማገናኘት ለአጎቴ የዘመናዊነት ጉዳይ አልነበረም፤ የሐላል ንግድ ጉዳይ ነበር።

ሥራውን ሊሠሩ የመጡ አንድ ሁለት ባለሙያዎች በሱቁ ስንት ሰው እንደሚሠራ ሳይጠይቁ የሚገዛውን ዕቃ ዝርዝር አስቀደሙ። አጎቴ ዝርዝሩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደኔ ዞረው፣ "አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠህ ሦስት ሱቅ ማገናኘት ያቅትሃል?" አሉኝ። የጋዜጣ ሰው ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው መጻፉ ብቻ መሆኑን ላስረዳቸው ብሞክርም አልሰሙኝም። እንግዲህ ከዒሻ ሶላት በኋላ ያሉትን ሰዓቶች ለወራት ለዚህ ትምህርት ሰጠሁ።

የኔትወርክ ትምህርት የሚጀምረው ከአድራሻ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ቁጥር አለው። በነጥብ ተለይቶ በአራት ክፍል የሚጻፈው የቆየው የአድራሻ ዓይነት በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ያህል ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ለዓለም ሕዝብ እንኳ ለያንዳንዱ አንድ አንድ አይደርስም። ስለዚህ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ አር.ኤፍ.ሲ. 1918 የተባለ ሰነድ የተወሰኑ ቁጥሮችን ለግቢ ውስጥ አገልግሎት ለይቶ አስቀመጠ። ማንም ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ በግቢው ይጠቀምባቸዋል፤ ከግቢው አጥር ውጭ ግን አይታወቁም። በ192.168 የሚጀምሩት ከነዚህ ናቸው። ከሱቅ ተገዝቶ የሚመጣ ራውተር ብዙውን ጊዜ ግቢውን 192.168.1 ወይም 192.168.0 ብሎ ራሱ ይሰይመዋል። የመርካቶው፣ የኮልፌውና የደሴው ራውተሮች አንድ ዓይነት ስለነበሩ ሦስቱም ግቢዎች አንድ ስም ይዘው ቁጭ ብለው አገኘኋቸው።

ይህ ምን ችግር አለው? የቀበሌ ቤት ቁጥርን አስቡ። ቤት ቁጥር 105 በየቀበሌው አለ፤ ቀበሌዎቹ ተለያይተው እስካሉ ድረስ ማንም አይሳሳትም። አጥራቸውን አፍርሳችሁ አንድ ብታደርጓቸው ግን "ለ105" ተብሎ የተላከ ደብዳቤ የት ይድረስ? የመርካቶው ኮምፒውተር የደሴውን ፍለጋ ሲነሳ አድራሻው ከራሱ ግቢ አድራሻ ጋር አንድ ስለሆነ ከበር ሳይወጣ እዚያው ግቢው ውስጥ ሲፈልግ ይቀራል። መፍትሔው ከመገናኘት በፊት መለየት ነው። መርካቶ 192.168.10፣ ኮልፌ 192.168.20፣ ደሴ 192.168.30 ተባሉ። በሱረቱል ሑጁራት 13ኛ አንቀጽ ሕዝቦችና ጎሳዎች የሆንነው እንድንተዋወቅ መሆኑ ተነግሯል። የተለያየ ነው የሚተዋወቀው፤ ይህን ከራውተር ላይ እማራለሁ ብሎ ማን ያስብ ነበር? ይህችን አንቀጽ አስታውሱልኝ፤ ጎረቤቷ የሆነችው 12ኛዋ አንቀጽ ኋላ ላይ ታስፈልገናለች።

ሁለተኛው ትምህርት መንገዱ ነው። ኢንተርኔት የሕዝብ መንገድ ነው፤ በክፍት መኪና የተላከ ደብዳቤ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሊያነበው ይችላል። በዚህ መንገድ ላይ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ መሿለኪያ ይሠራል፤ ቪ.ፒ.ኤን. የሚሉት ይህን ነው። እኔ የተጠቀምኩት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሊኑክስ ጋር የሚመጣውን ዋየርጋርድ የተባለውን ነው። እያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ቁልፍ አለው። አንደኛው ለባልደረባው ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከተፈጠረበት ማሽን ፈጽሞ አይወጣም። ደግሞ ቢያንስ አንደኛው ጫፍ የታወቀና የማይለዋወጥ አድራሻ ያስፈልገዋል። የሞባይል መስመር አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ስለሚያካፍል ከውጭ መጥቶ በሩን ማንኳኳት አይቻልም። ስለዚህ ቋሚ አድራሻ ለመርካቶ ተወሰደና ደሴና ኮልፌ የሚደውሉ፣ መርካቶ የሚያነሳ ሆኑ።

በነገራችን ላይ ኮምፒውተሮች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሰላምታ ይለዋወጣሉ። አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ጥሪውን መቀበሉን ገልጾ እሱም በተራው ይጠራል፣ የመጀመሪያው ይህንንም መቀበሉን ያሳውቃል፤ ከዚያ በፊት አንዲት ቃል ዕቃ አይላክም። ሰላም ሳይል በቀጥታ ወደ ገንዘብ ጉዳይ ለሚገባ ሰው ይህ ትምህርት ነው! ስለ ኬብሉ ብዙ አልልም። በአንድ ዝርጋታ ከ100 ሜትር ማለፍ እንደሌለበትና የኮልፌ መጋዘን አይጦች ለኬብል ምንም ርኅራኄ እንደሌላቸው መናገር ይበቃል።

ሽቦው ተዘርግቶ ሦስቱ ግቢዎች መነጋገር ሲጀምሩ የቀረው አንድ ሠንጠረዥ መሙላት ነው። የሒሳብ ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ይጠይቃል፤ ይህ ሰው ዋጋን ማየት ይችላል? መለወጥስ? ክምችትን? ዱቤን? የሌላውን ሱቅ ሽያጭ? የሰረዘውን ማየት የሚችለው ማን ነው? በደብተር ዘመን እነዚህ ጥያቄዎች ተጠይቀው አያውቁም፤ ደብተር አጠገቡ ያለው ሰው ያየዋል፣ ሩቅ ያለው አያየውም፣ አለቀ። አሁን ግን ርቀት የሚመልሰው ነገር ስለሌለ ሰው በቃሉ መመለስ አለበት። ሠንጠረዡን ባዶ መተው አይቻልም። ማንን በምን ያህል እንደምታምን በጽሑፍ አስፍር የሚል ነው፤ እኔ ይህን ያህል ከባድ ቅጽ ሲሞላ አይቼ አላውቅም።

የአጎቴ የመጀመሪያ መልስ አጭር ነበር፤ "እኔ ሁሉንም ልይ፣ እነሱ የየራሳቸውን።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላ ነገር ጨመሩ። ደሴ ላይ ካሜራ እንዲተከልና በዚሁ መስመር ወደ መርካቶ እንዲመጣ፣ የኮምፒውተሩ ስክሪንም ከሩቅ እንዲታያቸው ፈለጉ፤ የደሴውን ሱቅ የሚመሩት ሰው ግን ሳያውቁ። በሙያው በኩል የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሰውየው ለ16 ዓመት አብረዋቸው የሠሩ ናቸው። "እንዴ አጎቴ፣ ጠረጠሩ እንዴ?" ብላቸው፣ "አላምነውም አልወጣኝም፤ ማየት ብቻ ነው የምፈልገው" አሉኝ።

ይህችን ዐረፍተ ነገር ብዙ አሰብኩባት። እርግጥ ነው፣ ንብረቱ የራሳቸው ነው። ስንት ጥቅል ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ሳጥን ውስጥ ስንት ብር አለ ማለት የባለቤቱ መብት ነው። ይህን ማየት ስለላ ነው የሚል ሰው ካለ ሒሳብን ከስለላ ጋር ያምታታ ነው። ነገር ግን ከላይ ያቆየናት 12ኛዋ የሑጁራት አንቀጽ ጥርጣሬን ካስጠነቀቀች በኋላ መሰለልን ትከለክላለች፤ ቀጥላ ያለችው ናት ወደ መተዋወቅ የምትጠራው። መሰለልና መተዋወቅ በቁርአን ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። ሁለቱም ሌላውን ማወቅ ነው። ታዲያ ድንበራቸው የቱ ላይ ነው?

ኢማም አል-ገዛሊ በ505 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፉ ታላቅ ዓሊም ናቸው። በኢሕያኡ ዑሉሚዲን በመልካም ስለማዘዝና ከመጥፎ ስለመከልከል ሲያትቱ፣ የሚከለከለው ጥፋት ሳይሰለል በግልጽ የሚታይ መሆን አለበት የሚል መስፈርት ያስቀምጣሉ። እዚያው ላይ የኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብን (ረ.ዐ.) የታወቀ ታሪክ ያወሳሉ። ዑመር አጥር ዘለው ገብተው አንድን ሰው በጥፋት ላይ ያገኙታል። ሰውየው የኔ ጥፋት አንድ ቢሆን የእርስዎ ሦስት ነው ብሎ ይሟገታቸዋል፤ ሰለሉ፣ በበሩ አልገቡም፣ ሰላም አላሉም። ዑመርም ተውበት እንዲያደርግ አስገብተው ይተዉታል። የምእመናን መሪ የነበሩት ሰው በዚህ ክርክር ከተረቱ፣ የጨርቅ ነጋዴ በምን ያሸንፋል?

ከዚህ ታሪክ እኔ የምወስደው ይህን ነው። ድንበሩ መሣሪያው ላይ የለም፤ የሚታየው ሰው መታየቱን በማወቁ ላይ ነው። ባለቤቱ በበሩ መግባት ይችላል፤ ሱቁ የራሱ ነውና። ሰላም ብሎ ይግባ ነው የተባለው። የታወቀ ካሜራ በር ነው፣ የተደበቀ ካሜራ አጥር መዝለል ነው። አጎቴ ለዚህ የሰጡኝ መልስ ቀላል አይደለም፤ "ካወቀማ ይጠነቀቃላ! ምኑን አየሁት?" አሉ። እኔ ግን እላለሁ፦ ቢጠነቀቅ ዕቃው ተረፈ ማለት ነው፤ የተፈለገው ዕቃው እንዳይጠፋ ነው ወይስ ሌባ እንዲገኝ? ሰው ሲጠፋ ለማየት የሚጠብቅ ዐይን ንብረት ከሚጠብቅ ዐይን ይለያል። የመጀመሪያው ዐይን ሌባ እስኪያገኝ አያርፍም፤ ካላገኘም ይሠራል።

"ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?" የሚለው ክርክር በየቦታው ይሰማል፤ በመንግሥታት አፍም በነጋዴዎች አፍም። ንጹሕ ሰው የሚያጣው ነገር አለ። የኢብኑ ዑመርን (ረ.ዐ.) እረኛ ታሪክ ስንቶቻችን በልጅነታችን ሰምተነዋል። አንድ በግ ሽጥልኝ፣ ለጌታህ ተኩላ በላው በለው ተብሎ ሲፈተን፣ ጌታው ቢርቅም የማይርቀው አላህ (ሱ.ወ.) እንዳለ አስታወሰ፤ በዚህም ነፃነቱን አገኘ። በዚያ ሜዳ ላይ የተደበቀ ካሜራ ቢኖር ኖሮ እረኛው ያው ጥሩ እረኛ ይሆናል፤ ጥሩነቱ ለማን እንደሆነ ግን ማን ያውቃል? ሰውን በሁሉም አቅጣጫ ስንከበው ለአላህ ብሎ የሚታመንበትን ቦታ እየነጠቅነው ነው።

ይህን ስል ግን የማይታይ ሰው ሁሌም የተከበረ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው የደሴው ሰው ናቸው። ለሥራው ጉዳይ ስንነጋገር፣ ኔትወርኩ እስኪመጣ የቸኮሉት ከማናችንም በላይ እሳቸው ሆነው አገኘኋቸው። "ልጄ፣ በየዓመቱ ቆጠራ ሲደርስ እንቅልፍ አይወስደኝም" አሉኝ። "ከኮልፌ 40 ብለው ጭነው 39 ቢደርሰኝ፣ ያቺን አንዷን እኔ በላሁ ወይስ መንገድ በላት? ያለኝ መሐላዬ ብቻ ነው። ስንት ዓመት ልማልላችሁ?" እውነት ነው። ፊቅህ የአሚኑን መሐላ ይቀበላል፤ የባለቤቱ ልብ ግን እንደ ፊቅህ አይደለም። መዝገብ ለሌለው ታማኝ ሰው አለመታየት ሸክም ነው። ከኮልፌ ሲወጣ የተቆጠረ፣ ደሴ ሲደርስ የተቆጠረ፣ ሁለቱም የሚያዩት ቁጥር ለእሳቸው ምስክር ነው።

ስለ ዱቤ መጻፍ የወረደችውን የሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ እንደገና እንድመለከት ያደረገኝ ይህ ንግግር ነው። በቁርአን ውስጥ ረጅሟ አንቀጽ ናት፤ የወረደችውም ስለ ሒሳብ መዝገብ ነው! በውስጧ ልብ የማንለው አንድ ነገር አለ። ዕዳው ሲጻፍ ቃሉን የሚናገረው፣ ጸሐፊውን የሚያስጽፈው ባለዕዳው ነው፤ አበዳሪው አይደለም። ደካማ ወገን በሆነው ሰው አፍ ነው መዝገቡ የሚሞላው። ጸሐፊውና ምስክሩም እንዳይጎዱ ተከልክሏል። ቀጥላ ያለችው 283ኛዋ አንቀጽ ደግሞ ጸሐፊ ላልተገኘበት መንገድ መያዣን ከፈቀደች በኋላ፣ ከተማመናችሁ የታመነው አማናውን ያድርስ ወደሚል ትሻገራለች። መጻፍ እምነትን አልሻረም፤ ሁለቱ አብረው ነው የመጡት።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነታቸው በፊት የኸዲጃን (ረ.ዐ.) ዕቃ ይዘው ወደ ሻም የተጓዙበትን ታሪክ አስታውሱ። "አል-አሚን" ተብለው ይጠሩ የነበሩት ሰው ብቻቸውን አልሄዱም፤ መይሰራ የተባለው የኸዲጃ አገልጋይ አብሯቸው ተጓዘ፣ ሲመለስም ያየውን ለእመቤቱ ነገራት። ከሳቸው የበለጠ ታማኝ አልነበረም፤ ሆኖም የባለቤቷ ሰው አጠገባቸው መሄዱ ክብራቸውን አልቀነሰም። መይሰራ የታወቀ ዐይን ነበር። አብሯቸው ተራመደ፣ ፀሐዩን አብሯቸው ቻለ፣ የመሰከረውም የትርፉን ቁጥር ብቻ አልነበረም። የሱቅ ኔትወርክ መምሰል ያለበት መይሰራን ነው እላለሁ።

ለአጎቴ ካሜራውን ለደሴው ሰው ነግረው ከሆነ እንደምተክል፣ ካልሆነ ግን እንደማልተክል ነገርኳቸው። ሦስት ቀን ዝም አሉ። በአራተኛው ቀን ራሳቸው ደሴ ደወሉ። ካሜራው በሱቁ በርና በሳጥኑ ላይ ተተከለ፤ የስክሪኑ ነገር ቀረ። ሰውየው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ መርካቶ ዋጋ ሲለውጥ ማን እንደለወጠውና መቼ እንደለወጠው እሳቸውም እንዲያዩ። ለምን ቢባል፣ ጠዋት በአንድ ዋጋ ሸጠው ማታ "ለምን አርክሰህ ሸጥክ?" የሚባልበት ጊዜ ነበር። አጎቴ በዚህ ላይ ትንሽ ተከፉ፤ ማየትን እንጂ መታየትን አልለመዱም። እኔ ግን የሠንጠረዡ ፍትሕ የሚለካው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሽቦው ራሱ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ይሠራል፤ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሆን የሚያደርገው ሰው ነው።

አሁን ደግሞ መስመሩ ስለሚጠፋበት ቀን እናውራ፤ እኛ አገር ይህን ሳያነሱ ስለ ኔትወርክ መጻፍ አይቻልምና። መብራት ይሄዳል፣ ኬብል ይቆረጣል። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት እንዳልተመለሰ እናስታውሳለን። በኮምፒውተር ሳይንስ ኤሪክ ብሩወር የተባሉ ምሁር በ2000 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት፣ ጊልበርትና ሊንች በ2002 በሒሳብ ያረጋገጡት አንድ ሐሳብ አለ። በአጭሩ፣ በሁለት ቦታ የተቀመጠ መዝገብ መካከሉ ያለው መስመር ሲቋረጥ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ማግኘት አይቻልም። ወይ ሥራውን አቁመህ መዝገቡ አንድ ዓይነት እንደሆነ ትጠብቃለህ፣ ወይ ሥራውን ቀጥለህ መዝገቦቹ ለጊዜው እንዲለያዩ ትፈቅዳለህ። ሦስተኛ መንገድ የለም፤ የገንዘብ ብዛትም አያመጣውም።

ይህ ለሱቅ ሲተረጎም እንዲህ ነው። መስመር ሲጠፋ ደሴ ሽያጭ ያቁም ወይስ መርካቶ ሳያየው ይሽጥ? ፕሮግራሙ ይህንንም በጽሑፍ ይጠይቃል። አጎቴ አላመነቱም፤ "ምን ማለትህ ነው፣ እንደ ድሮው ይሽጥ እንጂ! መስመር ሲመጣ ሒሳቡን ይልካል" አሉ። ማየት ብቻ ነው የምፈልገው ያሉት ሰው ዐይናቸው ሲታወር የተመለሱት ወደ 16 ዓመቱ እምነት ነው። ታዲያ መስመር ባለበት ዘመን ሁሉ ያንን እምነት በተደበቀ ካሜራ ሲያቆስሉት ቢኖሩ፣ መስመሩ በጠፋበት ቀን በምን ይነግዱ ነበር?

ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን ከሠራተኛውም ከባለቤቱም በላይ በሠንጠረዡ ላይ ወንበር የሌለው ሰው ነው፤ የዱቤ ደንበኛ። ደሴ ባለው የዱቤ ደብተር ውስጥ ለዒድ የልጆቿን ልብስ በዱቤ የወሰደች እናት ስም አለ። ሳትከፍል ሁለተኛ ዒድ የደረሰባት አለች። ያንን ስም እስከ ዛሬ የሚያውቁት እሷ፣ የደሴው ሰውና አላህ ናቸው። ሰውየው በመንገድ ሲያገኟት ስለ ልጆቿ ይጠይቃሉ እንጂ ስለ ብሩ አያነሱም። ደብተሩ ወደ ኔትወርክ ሲገባ መርካቶ ያሉት ሦስት ወጣት ሻጮችም ያዩታል፤ ከነሱ አንዱ የሰፈሯ ልጅ ነው። መበደር ነውር አይደለም፤ መበደሯ አደባባይ መውጣቱ ግን ያሳፍራታል። የወንድሙን ገመና የሸፈነ አላህ ገመናውን እንደሚሸፍንለት በሐዲስ የተማርን ሰዎች፣ የሒሳብ ፕሮግራም ስንገዛ ይህን ትምህርት በር ላይ ትተነው እንግባ?

እሷን ያስፈቀዳት የለም። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ በአገራችን የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን የዱቤ ደብተር ያለው ባለ ሱቅ ሁሉ ይህን አዋጅ እስኪያነብ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሰትር ምን እንደሆነ ከእናቱ ተምሯል። እኛ ያደረግነው የዱቤ ስሞች የተመዘገቡበት ሱቅ ውስጥ ብቻ እንዲታዩ፣ ለመርካቶ ድምሩ ብቻ እንዲሄድ ነው። አጎቴ ባለመብት ናቸውና አንድን ስም ለይተው ቢጠይቁ ይነገራቸዋል፤ መጠየቅ ግን አለባቸው። በአንድ ጣት ወርዶ የሁሉንም ስም ማንበብና አፍ አውጥቶ የአንዲትን እናት ስም መጥራት ልዩነት አላቸው። የሚጠየቅ ሰው "ለምን ፈለጉት?" ሊል ይችላልና።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልበል። ኔትወርኩን የሠራ ሰው የሁሉንም በር ቁልፍ ይዟል። አጎቴ የማያዩትን እኔ ማየት እችላለሁ፤ ደመወዙን፣ ዱቤውን፣ ካሜራውን። ይህ ሥልጣን ከየት መጣ? ማንም አልሾመኝም፤ ሽቦ ስለዘረጋሁ ብቻ ነው። በየባንኩ፣ በየሆስፒታሉ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ስማቸውን የማናውቃቸው ወጣቶች ይህን ቁልፍ ይዘው ተቀምጠዋል፤ የፊቅህ መጻሕፍት ለሙዳሪቡ የሰጡትን ያህል ገጽ ለእነዚህ የዘመናችን አሚኖች የሚሰጥ ዓሊም እንዲነሳልን እመኛለሁ። እኔ ለጊዜው የይለፍ ቃሎቹን በታሸገ ፖስታ አጎቴ ብረት ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ለጥገና በገባሁ ቁጥር መግባቴ የሚመዘገብበትን ዝርዝር ደግሞ የደሴው ሰው እንዲያዩት ከፈትኩላቸው። ሁለት ጊዜ ደውለው "ትናንት ማታ ምን ልትሠራ ገብተህ ነው?" ብለውኛል። መልስ ነበረኝ፤ ግን ስልኩ ሲጮህ ልቤ ትንሽ እንደደነገጠ አልደብቅም።

ያልጨረስነው አንድ ጉዳይ አለ። በደብተር ዘመን ዕዳዋን የከፈለች ሴት ስሟ ላይ ሰረዝ ይሰመርበታል፤ ደብተሩ ሲያልቅም አብሮ ያልቃል። ፕሮግራሙ ግን አይረሳም፤ የግብር ሕጉም መዝገብ ለዓመታት እንዲቀመጥ ያዛል። የደሴው ሰው "ከከፈለች ወዲያ ስሟ እዚያ ምን ይሠራል?" ብለው ጠየቁኝ። ሽያጩና ገንዘቡ እንዳለ ቆይቶ፣ ዕዳው በተዘጋ ማግስት ስሟ በቁጥር እንዲተካ ማድረግ ይቻላል አልኳቸው። አጎቴ ነገ ተመልሳ ዱቤ ብትጠይቅ ከፋይ መሆኗን በምን እናውቃለን አሉ። የደሴው ሰው ሳቁ፤ "እኔ አውቃታለሁ" አሉ። በዚህ ሳምንት ኢንሻአላህ ስሞቹን በቁጥር መተካት እጀምራለሁ።